የጎደለው ዋጋና የታፈነው ስህተት፦ ባች ስክሪፕቶች ከደባርቅ የዝናብ መዝገብ እስከ ዳባት የሞት ምዝገባ

ጥያቄው

ሌሊት ላይ ሰው ሳይጠብቀው በኮማንድ ላይን የሚሠራ ባች ስክሪፕት ሁለት ነገር ደጋግሞ ይገጥመዋል፤ ሊያነበው የሚገባው ዋጋ በቦታው አይገኝም፣ ወይም የጠራው ትእዛዝ አልሳካ ብሎ የስህተት መልእክት ያወጣል። የኮምፒውተር መማሪያዎች እነዚህን ጉዳዮች በየምዕራፋቸው ለያይተው ያስተምራሉ። የጎደለ ዋጋ የስታቲስቲክስ፣ የስህተት መልእክት ደግሞ የሲስተም አስተዳደር ሥራ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ዳሰሳ ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው ይላል። የታፈነ ስህተት ከኋላው የጎደለ ዋጋ ትቶ ያልፋል፤ የጎደለ ዋጋ በዜሮ ሲሞላም አንድ ስህተት ታፍኗል። በሁለቱም በኩል «አላወቅንም» የሚለው መልስ ከፋይል ወደ ፋይል ሲሻገር «የለም» ወደሚል ይለወጣል፤ ሰንጠረዡን የሚያነበው ሰው ይህ ለውጥ መደረጉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ነገሩ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ በሚሰበሰቡ መረጃዎች ላይ ሲፈተሽ ክብደቱ ይታያል። ደባርቅ የሜትዮሮሎጂ ጣቢያ አላት፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። በዳባት ወረዳ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚከታተል የሥነ ሕዝብና ጤና ምዝገባ ያካሂዳል። ዝናብ፣ ዋልያና ሰው፣ ሦስቱም ይቆጠራሉ። የሦስቱም ቆጠራ ጎደሎ ይኖረዋል፤ ጎደሎው የሚያዝበት መንገድ ደግሞ የድምዳሜውን አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል።

መነሻው

ስህተትን የማፈን ታሪክ ከዩኒክስ ይጀምራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቤል ላብራቶሪ የተሠራው ይህ ሲስተም ትንንሽ ፕሮግራሞችን በ«ፓይፕ» ማያያዝን ዋና ዘዴው አደረገ። በመጀመሪያ ውጤትም የስህተት መልእክትም የሚወጡት በአንድ መውጫ ነበር። ጽሑፍ ፊደልን በብርሃን ወደሚቀርጽ ማተሚያ መሣሪያ ሲላክ የስህተቱ መልእክት ከጽሑፉ ጋር ታትሞ እየወጣ ሥራው ሲበላሽ፣ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ላይ ለስህተት የራሱ መውጫ ተከፈተለት፤ መለያ ቁጥሩም 2 ሆነ። የተለየበት ዓላማ ስህተቱ ከውጤቱ ጋር ሳይደባለቅ ሰው ዘንድ እንዲደርስ ነው። ይሁንና መውጫው ለብቻው ሲሆን ለብቻው መዝጋትም ቀላል ሆነ። «ዴቭ ነል» ወደሚባለው፣ የገባበት ሁሉ ወደሚጠፋበት ፋይል ማዞር ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ ባች ፋይልም «ነል» በሚል ስም ይኸው አለ። ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ክሮን ስክሪፕቱ ያወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ለባለቤቱ በኢሜይል ስለሚልክ፣ የመልእክት ጎርፍ ያሰለቸው አስተዳዳሪ ሁለቱንም መውጫዎች መዝጋትን ልማድ አደረገ። ለሰው እንዲደርስ የተከፈተው መንገድ ሰው እንዳይሰማ የሚዘጋ በር የሆነው እንዲህ ነው።

የጎደለ ዋጋ ታሪክ በሌላ መስመር ይሄዳል። ቶኒ ሆር በ1965 እ.ኤ.አ. «ነል» የሚባለውን ባዶ ማመልከቻ ወደ ፕሮግራም ቋንቋ አስገባ፤ በ2009 ደግሞ ይህን ውሳኔውን ቢሊዮን ዶላር የከሰረበት ስህተት ሲል ጠራው። የዝምድናዊ ዳታቤዝ አባት ኤድጋር ኮድ በ1979 ለጎደለ ዋጋ እውነት፣ ሐሰትና አይታወቅም የሚሉ ሦስት ዋጋዎች ያሉት ሎጂክ አቀረበ። በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚያ አልፎ ሁለት ዓይነት ጎደሎዎችን ለየ፤ አንዱ ሊኖር የሚገባው ግን ያልታወቀ ሲሆን ሌላው ጥያቄው ጭራሹን የማይመለከተው ነው። ክሪስ ዴት ደግሞ ሦስት ዋጋ ያለው ሎጂክ የጥያቄዎችን መልስ ያዛባል ብሎ «ነል» ከዳታቤዝ እንዲወጣ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በ1985 የጸደቀው የቁጥር ስሌት ደረጃ «ናን» የሚባል፣ ቁጥር አለመሆኑን የሚናገር ዋጋ ደነገገ። «ናን» ከራሱ ጋር እንኳ ሲወዳደር እኩል አይደለም፤ በስሌት ውስጥ ሲገባም በአብዛኛው ውጤቱን «ናን» ያደርገዋል።

ከሁሉም በላይ ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመው ስታቲስቲሺያኑ ዶናልድ ሩቢን በ1976 ያቀረበው ክፍፍል ነው። መረጃ ያለ ምንም ሥርዓት በአጋጣሚ ሊጎድል ይችላል፤ በእጃችን ካለ ሌላ መረጃ ጋር ተያይዞ ሊጎድል ይችላል፤ ወይም በራሱ በጎደለው ዋጋ ምክንያት ይጎድላል። ሦስተኛው አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ያሉትን ቁጥሮች የቱንም ያህል ብንመረምር ስለጠፉት አይነግሩንም። ሩቢን ክፍፍሉን ያወጣው ለናሙና ጥናት ቢሆንም ለስክሪፕት ስህተትም ሳይሻሻል ይሠራል። ለምሳሌ ፋይሉ ከመጠን በላይ ስለሆነ የወደቀ ትእዛዝ የሚያስቀረው ትልልቆቹን ፋይሎች ነው፤ የተረፉት ትንንሾቹ ስለ ትልልቆቹ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

ባዶ፣ የሌለና ዜሮ

መሣሪያዎቹ ራሳቸው በዚህ ላይ አይስማሙም። በባሽ ሼል አንድ ቫሪያብል ጭራሹን ሳይሰየም ሊቀር ወይም ተሰይሞ ባዶ ሊሆን ይችላል። ነባሪ ዋጋ የሚሰጠው አጻጻፍ ውስጥ ሁለት ነጥብ መኖርና አለመኖሩ ይህን ልዩነት ይወስናል፤ ሁለት ነጥቡ ካለ ባዶውም ያልተሰየመውም በነባሪው ይተካሉ፣ ከሌለ ያልተሰየመው ብቻ። በዊንዶውስ ባች ፋይል ግን ልዩነቱ የለም። ቫሪያብልን በባዶ መሙላት ማጥፋት ነው፤ ስለዚህ «ባዶ መልስ መጣ» እና «መልስ አልመጣም» አንድ ይሆናሉ። ኦራክል ዳታቤዝም ባዶ ጽሑፍን እንደ «ነል» ይቆጥራል። መረጃ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ሲያልፍ ሰው ምንም ሳይነካው ትርጉሙ ሊለወጥ የሚችለው በዚህ ነው።

የኮማንድ ላይን የቁጥር ሥራ የሚበዛበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። በ1977 የተሠራው «ኦክ» ባዶ ሕዋስ ወይም ፊደል ሲደምር ዜሮ አድርጎ ይወስደዋል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ዓምዶችን በክፍት ቦታ ሲለይ የተከታተሉ ክፍት ቦታዎችን እንደ አንድ ስለሚቆጥር፣ ባዶ ሕዋስ ያለበት መስመር ላይ ቀጣዮቹ ዓምዶች ወደ ግራ ይሸሻሉ። የዝናብ ዓምድ ባዶ በሆነበት ቀን ከጎኑ ያለው የሙቀት ቁጥር ዝናብ ሆኖ ይነበባል። የባች ፋይል «ፎር» ትእዛዝም መስመር ሲከፋፍል የተደራረቡ ነጠላ ሰረዞችን ያጣምራል፤ ባሽም በታብ የተለየ ፋይል በተለመደው መንገድ ሲያነብ እንዲሁ ነው። አንድም የስህተት መልእክት ሳይታይ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ስህተትን ማፈን ሲባል ሰው አውቆ የሚዘጋው መውጫ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ መጮህ ሲገባው ዝም የሚልበትም አለ።

በተቃራኒው ልዩነቱን አጥርተው የሚያስቀምጡ መሣሪያዎች አሉ። በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገው «ግሬፕ» ሲያገኝ 0፣ ፈልጎ ሲያጣ 1፣ መፈለግ ሳይችል ሲቀር ደግሞ 2 የመውጫ ኮድ (ሥራው ሲያበቃ የሚሰጥ የውጤት ቁጥር) ይሰጣል። «የለም» እና «ማየት አልቻልኩም» የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ግን ብዙ ስክሪፕቶች ከትእዛዙ ቀጥለው «ወይም ተሳክቷል በል» የሚለውን አጻጻፍ ይለጥፉና 1ን እና 2ን አንድ ያደርጓቸዋል። መሣሪያው የጠበቀውን ልዩነት የስክሪፕቱ ጸሐፊ ይንደዋል። የዊንዶውሱ «ሮቦኮፒ» ነገሩን በሌላ በኩል ያወሳስበዋል፤ ፋይል በትክክል ሲገለብጥ 1 ይመልሳል፣ ውድቀት የሚጀምረው ከ8 ነው። ከዜሮ የተለየ ሁሉ ስህተት ነው ብሎ የተጻፈ ስክሪፕት በተሳካ ሥራ ላይ ይቆማል፤ ጸሐፊው ይናደድና ሁሉንም ያፍነዋል። ይህን እንደ ስንፍና ብቻ ማየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የማፈን ልማድ ከመጥፎ ምልክቶችም ይወለዳል።

መቆም ወይስ መቀጠል

በባለሙያዎች ዘንድ የቆየው ክርክር በሁለት ወገን ይታያል። የመጀመሪያው ወገን ስክሪፕት ስህተት በገጠመው ቅጽበት ይቁም ይላል። በባሽ ይህ ሦስት መቀየሪያዎች አሉት፤ ትእዛዝ ሲወድቅ የሚያቆም፣ ያልተሰየመ ቫሪያብል ሲጠራ የሚያቆም፣ እንዲሁም በፓይፕ ሰንሰለት ውስጥ የትኛውም ክፍል ቢወድቅ ሰንሰለቱን ሁሉ የወደቀ የሚያደርግ። ሦስተኛው «ፓይፕፌይል» ይባላል፤ በባሽ የታየው ከ2004 ጀምሮ ሲሆን በይፋዊው የፖዚክስ ደረጃ ውስጥ የገባው ገና በ2024 ነው። ለዚህ ወገን ትልቁ ማስረጃ በጥር ወር 2015 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ የስቲም ጨዋታ ፕሮግራም ላይ የደረሰው ነው። የፕሮግራሙን ማውጫ ስም መያዝ የነበረበት ቫሪያብል የቀደመው ትእዛዝ ስለወደቀ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው መስመር በዚያ ማውጫ ሥር ያለውን ሁሉ አጥፋ ይል ስለነበር፣ ባዶው ስም የዲስኩን ሥር አመለከተና የተጠቃሚዎች ፋይሎች ጠፉ። የወደቀ ትእዛዝ የጎደለ ዋጋን እንደሚወልድ፣ የጎደለው ዋጋም ጥፋት እንደሚያስከትል ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ወገን በተቻለ መጠን መቀጠልን ይመርጣል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት፣ መስመር በሚጠፋበት ከተማ የሃምሳ ጣቢያ ፋይል የሚያዘጋጅ ሥራ በሦስተኛው ፋይል ላይ ቢቆም የቀሩት አርባ ሰባት ያለ ጥፋታቸው ይቀራሉ። ጠዋት ቢሮ የሚገባው ሰው ምንም አያገኝም። በተጨማሪም የማቆሚያው መቀየሪያ የሚታመን አይደለም። ትእዛዙ በቅድመ ሁኔታ ውስጥ ሲጠራ፣ ወይም ውጤቱ በዚያው መስመር ለሚታወጅ የውስጥ ቫሪያብል ሲሰጥ መቀየሪያው አይሠራም። ፈልጎ ያጣ «ግሬፕ» ግን ምንም ሳያጠፋ ስክሪፕቱን ሊያስቆም ይችላል። ልምድ ያላቸው የሼል ጸሐፊዎች መቀየሪያውን የሐሰት መተማመኛ የሚሉት ለዚህ ነው።

እኔ ሁለቱም ወገኖች ሁለት ነገር አደባልቀዋል ባይ ነኝ፤ ማቆምና መናገር አንድ አይደሉም። ስክሪፕት ሳይቆም ሊናገር ይችላል። የወደቀውን ፋይል ስም ከነምክንያቱ በሎግ ጽፎ፣ የቀሩትን ሠርቶ፣ በመጨረሻ «ሃምሳ ጠየቅሁ፣ አርባ ዘጠኝ አገኘሁ» ብሎ ከዜሮ የተለየ የመውጫ ኮድ ቢሰጥ የመቀጠል ጥቅምም የመቆም ሐቀኝነትም ይገኛል። መቆም ግዴታ የሚሆነው ቀጣዩ ሥራ የማይመለስ ሲሆን ነው፤ ፋይል ሲያጠፋ፣ ቀድሞ የነበረውን ሲደርብበት፣ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲልክ። ማፈንም ቢሆን ጠባብ ከሆነ ነውር የለበትም። የፋይል ማጥፊያው ትእዛዝ «የሌለ ፋይል ከሆነ ተወው» የሚል መቀየሪያ አለው፤ ፈቃድ ስለተከለከለ ሲወድቅ ግን አሁንም ይናገራል። የሚጠበቀውን አንድ ስህተት በስሙ ለይቶ መተውና መውጫ 2ን ሁሉ መዝጋት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ዝናቡና ገደሉ

የዝናብ መዝገብ ላይ የጎደለ ቀን በተለምዶ እንደ -99.9 ወይም -9999 ባለ ቁጥር ይወከላል። ለምሳሌ ያህል ከአሥር የሐምሌ ቀናት ስምንቱ ተለክተው 96 ሚሊሜትር ቢሆኑና ሁለቱ ቢጎድሉ፣ ኮዱን የማያውቅ ስክሪፕት -19,902 ያወጣል፤ ይህ ማንንም አያታልልም። ጎደሎውን ዜሮ የሚያደርገው 96 ይላል፤ ይህ ሁሉንም ያታልላል። በአማካይ የሚሞላው ደግሞ 120 ይላል፤ ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በሙቀት ላይ ነገሩ የበለጠ ስውር ነው። 29 ቀን በአማካይ 12 ዲግሪ ተመዝግቦ አንድ ቀን -99.9 ተብሎ ቢቀር የወሩ አማካይ 8.3 ገደማ ይሆናል። ለአዋሽ ሸለቆ 8.3 ወዲያው ይጣላል፤ ለስሜን ደጋ ግን የሚታመን ቅዝቃዜ ነው። ስህተት በሚያምርበት ቦታ ሲያርፍ የሚጠረጥረው አይኖርም።

የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት መመሪያ በዚህ ላይ ጥብቅ መስመር አስምሯል። ለአማካዮች የተወሰኑ ቀናት ጉድለት ይፈቅዳል፤ 11 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ወይም ተከታታይ 5 ቀንና ከዚያ በላይ ከጎደለ የወሩ አማካይ አይሰላም። እንደ ዝናብ ላሉ ድምሮች ግን ሁሉም ቀናት እንዲገኙ፣ ወይም የጎደሉት ቀናት ዝናብ በቀጣዩ ልኬት ውስጥ ተጠራቅሞ እንዲካተት ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መለኪያው ለሁለት ቀን ሳይነበብ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ቢነበብ፣ የተጻፈው ቁጥር የሦስት ቀን ድምር ነው። ወርኃዊ ድምሩን አያዛባም፤ «ከባድ ዝናብ የጣለበት ቀን» ብሎ የሚቆጥረውን ስክሪፕት ግን ያሳስተዋል። ሁለቱን የጎደሉ ቀናት በአማካይ የሚሞላ ስክሪፕት ከመጣ ደግሞ ያው ዝናብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። አንዱን ጎደሎ በሁለት ተቃራኒ መንገድ መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ የሚወስነውም መረጃው ለምን ዓላማ እንደተፈለገ መሆኑን ከዚህ እናያለን።

መሙላት ካስፈለገስ ከየት? የተለመደው መልስ ከቅርቡ ጣቢያ ነው። የሊማሊሞ መልክዓ ምድር ይህን መልስ ይፈትነዋል። ከደባርቅ ተነስቶ በጣሊያኖች ዘመን በተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው በአጭር የካርታ ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል፤ ደጋው ቆላ ይሆናል። ርቀትን በጠፍጣፋ ካርታ ብቻ የሚለካ ስክሪፕት የቆላውን ዝናብ ለደጋው ያውሳል፤ ስህተትም አይዘግብም፣ ምክንያቱም በሂሳቡ አልተሳሳተም። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ተቋም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ምርምር ተቋም ጋር፣ በተለይም ከኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ቱፋ ዲንቁ ጋር የሠራው «ኢናክትስ» ለዚህ የተሻለ መልስ ሰጥቷል። የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዶ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልተቋረጠ የአሥር ቀን የዝናብ መረጃ አዘጋጅቷል። ጣቢያዎች በአብዛኛው በዋና መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ስለሚገኙ ከመንገድ የራቀው ቀበሌ መረጃ የሚያገኘው በአብዛኛው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ጥቅሙን የሚክድ የለም። የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሙሉ ሆኖ የሚመጣው ሰንጠረዥ ውስጥ የተለካውና የተገመተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መለያቸው በቀጣዩ ስክሪፕት ከተጣለ፣ ጣቢያ የሌለበት ገደል ላይ ያለው ቁጥር ሰው በዓይኑ አንብቦ ከጻፈው ጋር እኩል ይታመናል።

ሩቢን የለየው ሦስተኛው ዓይነት ጎደሎም እዚህ አለ። ዝናቡ በበረታ ቀን መንገድ ይዘጋል፣ መለኪያው ሞልቶ ይፈሳል። የሚጎድለው ቀን ብዙ የዘነበበት ቀን ከሆነ በአማካይ መሙላት ሁልጊዜ ወደ ታች ያዘነብላል። ለፓርኩ ቆጠራም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሠራል። ጉም ስላለበት ያልታየ ገደል ላይ ዋልያ «0» ተብሎ ከተጻፈ፣ አለመታየት አለመኖር ተደርጎ ተመዘገበ ማለት ነው። በ1978 የዓለም ቅርስ የሆነው ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲቆይ፣ የዋልያና የቀይ ቀበሮ ብዛት ከዋናዎቹ መመዘኛዎች መካከል ነበር። በእንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ የአንድ ሕዋስ ዜሮ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞትን መመዝገብ

ብዙ ሰው በቤቱ ሲሞት የሞቱን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም አይኖርም። እንደ ዳባት ያሉ የምዝገባ ማዕከላት መፍትሔያቸው ከሟች ቤተሰብ ጋር ቃለ መጠይቅ አድርጎ ምልክቶችን መሰብሰብ፣ ከዚያም ምክንያቱን በሐኪሞች ንባብ ወይም በፕሮግራም መወሰን ነው። ትኩሳት ነበረው? ሳል ነበረው? መልሱ «አዎ»፣ «አልነበረውም»፣ «አላውቅም» ሊሆን ይችላል። የፕሮግራሞቹ ልዩነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ኢንተርቪኤ» የተባለው ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ፕሮግራም በአራተኛ እትሙ የሚያሰላው በ«አዎ» ላይ ብቻ ስለነበር «አልነበረውም» እና «አላውቅም» ለእሱ አንድ ነበሩ። በኋላ የመጣው «ኢንሲሊኮቪኤ» ሁለቱን ለይቶ ይይዛል፤ በመልሱ ላይም የእርግጠኝነት መጠን ያስቀምጣል። ልጇ ሳል እንደነበረው እርግጠኛ ያልሆነች እናት የሰጠችው መልስና ሳል ጭራሽ አልነበረውም ያለች እናት የሰጠችው መልስ አንድ መሆን የለበትም። በዚህ ነጥብ ሁለተኛው አካሄድ ትክክለኛ መሆኑን ለመናገር አላመነታም። የመጀመሪያው ደጋፊዎች ቀላልነቱንና በየአገሩ ተመሳሳይ ውጤት መስጠቱን ያነሳሉ፤ ይህም ለንጽጽር ሥራ የሚናቅ ጥቅም አይደለም።

ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት «ዲኤችአይኤስ 2» ሌላ ውሳኔ ይዟል። በነባሪ አቀማመጡ ዜሮ ሆኖ የገባ ዋጋ አይከማችም፤ እንዲከማች ከተፈለገ ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት መፈቀድ አለበት። ምክንያቱ ቦታ መቆጠብና ፍጥነት ነው። ውጤቱ ግን አንድ ጤና ኬላ «በዚህ ወር የወባ ታማሚ አልነበረም» ያለውና ሪፖርት ያልላከው በዳታው ላይ ተመሳስለው መታየታቸው ነው፤ ልዩነቱን ለማወቅ የሪፖርት መሟላት መዝገቡን ለብቻው ማየት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ስህተቱ ቀደም ካየነው በተቃራኒ ይሄዳል፤ የታወቀው ዜሮ ወደማይታወቅ ይለወጣል። ከዚያ ዳታውን አውርዶ የሚደምረው ስክሪፕት ባዶውን እንደገና ዜሮ ያደርገዋል። «አር» ጎደሎውን ዝለል ሲባል፣ «ፓንዳስ» ደግሞ ሳይባልም፣ ሁሉም ዋጋ የጎደለበትን ዓምድ ሲደምሩ ዜሮ ይመልሳሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ያልዘገበ ኬላ ከበሽታ ነጻ ሆኖ ይወጣል።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር የራሱን ወጥመድ ይጨምራል። ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት ብሎ የተጻፈ የቀን መለወጫ ስክሪፕት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል፤ ያ ቀን በእርግጥ ነበረ፣ በጎርጎርዮሳዊው መስከረም 11 ቀን 2023 ነው። ስህተቱ ከታፈነ በዚያ ቀን የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቀን ያለውን መስመር የሚጥል ሌላ ስክሪፕት ከተከተለ ደግሞ ልጁ ከመዝገብ ይወጣል። «ደባርቅ» እና «ደባርክ»፣ «ዳባት» እና «ደባት» ተብለው በተጻፉ ፋይሎች መካከል የሚደረግ ማያያዝም እንዲሁ ነው፤ ያልተገጣጠመው መስመር ያለ ድምፅ ይወድቃል።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሳቱ ተገቢ ነው፤ ጥቂት መስመሮች ቢጠፉ በሺዎች መካከል ምን ይለውጣሉ? መልሱ ማን እንደጠፋ ላይ ይመሠረታል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ላይ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ወደ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ሲደርስ ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በእንዲህ ያለ ወቅት ቤት ለቤት የሚደረግ ምዝገባ የሚያጣው ሰው በአጋጣሚ የጠፋ አይደለም። ሞት የበዛበት ቤት መልስ የሚሰጥ ሰው የማይገኝበት ቤት ነው። ያንን ባዶ በቀደሙት ዓመታት አማካይ መሙላት የጦርነት ዓመትን ወደ ሰላም ዓመት ይመልሰዋል።

መጣል፣ ምልክት ማድረግና ያልተፈቱ ነጥቦች

በዓለም ደረጃ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ቢታዩ በመጣልና ምልክት በማድረግ መካከል ያለው ልዩነት ይጠራል። ጆ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቹ በግንቦት 1985 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካ ላይ የኦዞን መሳሳትን ይፋ ሲያደርጉ፣ የናሳ ሳተላይትም ያንኑ እየለካ ነበር። ሶፍትዌሩ ከ180 ዶብሰን (የኦዞን መለኪያ አሃድ) በታች የሆነውን ልኬት አጠራጣሪ ብሎ ምልክት ያደርግበት ነበር። ብዙ ጊዜ «ናሳ መረጃውን ጣለው» ይባላል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ምልክት ተደርጎበት ተቀመጠ እንጂ አልተጣለም፤ ስለዚህም እንደገና ተሰልቶ ግኝቱን አረጋገጠ። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በአሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲጠቀም ከ65,536 በላይ ያሉ ረድፎች ስለማይያዙ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቁጥር ወጡ። እዚያ የተጣለውን የሚያመለክት ምልክት ስላልነበረ ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች መፈለግ ለቀናት ዘገየ። ሁለቱን የለያቸው አንድ ነገር ነው፤ ያልተቀበልነው ዋጋ የት እንደሄደ መዝገብ አለ ወይስ የለም።

ምልክት ማድረግ ግን ሁሉን አይፈታም። መጀመሪያ፣ በነጠላ ሰረዝ የተለየ ተራ ፋይል ለምልክት ቦታ የለውም፤ ተጨማሪ ዓምድ ካልተፈጠረለት የጎደለበት ምክንያት በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ይጠፋል። ኤድጋር ኮድ የለያቸው ሁለቱ ጎደሎዎች፣ ያልታወቀውና የማይመለከተው፣ ዛሬም በአብዛኛው ዳታቤዝ በአንድ «ነል» ይጻፋሉ። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ሲበዛ አንባቢ ያጣል፤ በየሌሊቱ አራት መቶ መስመር የሚጽፍ ሎግ ከታፈነ ስህተት ብዙም አይሻልም። ስንት ማስጠንቀቂያ በዛ እንደሚባል ያስማማ መልስ አልተገኘም፤ ይልቁንም በቁጥር ማጠቃለልና ከትናንቱ የተለየውን ብቻ ማሳየት የተሻለ ይመስለኛል። ሦስተኛው ከሁሉ ከባድ ነው፤ ሥልጣን ያለው አንባቢ ሙሉ ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ባዶ ሕዋስ የሥራ ጉድለት ተደርጎ በሚቆጠርበት ቢሮ ባለሙያው ዜሮ እንዲጽፍ ይገፋፋል። ይህን ስክሪፕት ብቻውን አይፈታውም፤ ሪፖርት የሚቀበሉ ኃላፊዎች ባዶን ሐቀኛ መልስ አድርገው ሊቀበሉ ይገባል።

በደባርቅ፣ በዳባትና በጎንደር መረጃ በባች ስክሪፕት የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ ጥሬውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ድምር ጎን ስንት ዋጋ እንደተገኘና ስንት እንደተሞላ የሚናገር ዓምድ ጨምሩ፤ መውጫ 2ን ወደ «ነል» ሳይሆን ቀን ወዳለው ሎግ አዙሩት። የቀን መለወጫችሁንም አሁኑኑ ፈትኑት፤ ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይመጣል።